ሁለቱ እሺዎች

“እሺ ይበልጣል ከሺህ” ይላሉ አበው። ደግ አባባል ነው፤ ለሽምግልናም፣ ለጉርብትናም፣ ለትዳርም ይመቻል። እኔ ግን የዕድሜዬን እኩሌታ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አንድ ቃል ከዐቅሙ በላይ ተሸክሞ ሲሄድ ካየሁ አስቁሜ ጭነቱን ሳልቆጥር አላልፍም። እስቲ “እሺ”ን እናስቁማት። “ሰማሁህ” ማለት ናት። “ገባኝ” ማለት ናት። “አደርገዋለሁ” ማለት ናት። “በቃ አሁን ተወኝና ሂድ” ማለትም ናት። አራት የተለያዩ ነገሮች፣ አንዲት ቃል! የትኛዋ እንደተሰጠችን የምናውቀው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጉዳያችን ሲፈጸም ወይም ሳይፈጸም ሲቀር ነው።

ይቺን ቃል ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንደኛዋን ከሌላዋ ለይተው፣ ለየራሳቸው ምልክት የሰጡ ሰዎች አሉ ብላችሁ ምን ትላላችሁ? የቋንቋ ሊቃውንት እንዳይመስሏችሁ። የሆስፒታል ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ነገሩን የነገረኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስድስት ኪሎ የአጭር ልቦለድ ትምህርት ስሰጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ብዙ የማይናገር፣ ሲናገር ግን ሰው የዘለለውን ዓረፍተ ነገር የሚያነሳ ልጅ ነበር። ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ገባ። እንደ ብዙዎቹ መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ፤ ማታ ማታ ኮምፒውተር ተማረ፤ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በኮምፒውተሮቹ መካከል የሚመላለሱትን መልእክቶች ይጠብቃል። ባለፈው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሦስት ሌሊት እሱ ቤት አድሬያለሁ። ተረኛ ስለነበረ ስልኩ ከትራሱ አይለይም። ስልኩ ሲጮህ ይነሳል፣ ኮምፒውተሩን ይከፍታል፤ እኔም እንቅልፍ እምብዛም የለኝምና ሻይ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። “ጋሼ፣ ይተኙ እንጂ!” ይለኛል። እንዴት ልተኛ? ሰው በውድቅት ሌሊት ተነስቶ ስለ አንድ ያልደረሰ ደብዳቤ ሲጨነቅ ማየት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከቲያትር ይበልጣል።

ሆስፒታል ከውጭ ሲያዩት አንድ ቤት ይመስላል። ውስጡ ግን ካርድ ክፍሉ የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ላቦራቶሪው የራሱ፤ ራጅ ክፍሉ የራሱ፤ መድኃኒት ቤቱና ሒሳብ ክፍሉም እንዲሁ። አንዱ የተሠራው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ሌላው አምና። አንዱ በሽተኛን በካርድ ቁጥር ያውቀዋል፤ ሌላው በስምና በልደት ቀን። እነዚህ ሁሉ በቀጥታ ይነጋገሩ ቢባል መርካቶ ውስጥ ሁሉም በየቋንቋው እንደሚጮህበት ቀን ይሆናል። ስለዚህ መሀል ላይ አንድ አስተርጓሚ ይቀመጣል። ከሁሉም ይቀበላል፣ ለየተቀባዩ በሚገባው መልክ ይገለብጣል፣ ያደርሳል። ሐኪሙ አያየውም፤ በሽተኛው መኖሩን አያውቅም፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም ስሙን የሚሰማው የቆመ ዕለት ነው።

መልእክቶቹ የሚጻፉበት ሕግ ኤችኤል ሰቨን ይባላል። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። “ሰቨን” የተባለው የኮምፒውተሮች ግንኙነት በሰባት ደረጃዎች ተከፍሎ ስለሚታሰብ፣ የላይኛውን ሰባተኛውን ደረጃ ለመጥቀስ ነው። ከዚያ ወዲህ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጠነሰሰውና “ፋየር” የሚባለው አዲስ ስልት መጥቷል፤ ይሁን እንጂ የድሮው መልእክት ዛሬም በብዙ ሆስፒታል ውስጥ እንደ በቅሎ እየተጫነ ይመላለሳል። ተማሪዬ አንዱን አሳየኝ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ፖስታ ነው፦ ከማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ስለምን፣ የመልእክቱ መለያ ቁጥር። ቀጥሎ የበሽተኛው መስመር ይመጣል፤ ቀጥሎ የታዘዘው ምርመራ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ አንድ መስመር። እኛ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ እንዳለን ሁሉ፣ እነሱ አንዱን ነገር ከሌላው የሚለዩባት ቀጥ ያለች ዘንግ አለቻቸው። ሐኪሙ ማስታወሻ ሲጽፍ ያቺኑ ዘንግ ሳያስበው ጣል ቢያደርጋትና ፕሮግራሙ ሸፍኖ ባይልካት፣ መልእክቱ ካለቦታው ይቆረጣል፤ የሐሳቡ ግማሽ ሌላ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሥርዓተ ነጥብ እንዲህ ሰው ሲያስጨንቅ ያየሁት ከፈተና ክፍል ውጭ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ “እሺ” እንመለስ። ተቀባዩ መልእክት ሲደርሰው የዚያኑ መልእክት ቁጥር ጠቅሶ መልስ ይልካል። ሕጉ ለመልሱ ሁለት ደረጃ ሰጥቶታል። አንደኛዋ እሺ “ደርሶኛል፣ አስቀምጬዋለሁ” ናት። ሁለተኛዋ እሺ “አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ በቦታው አውዬዋለሁ” ናት። ካልገባውም “ስህተት አለበት” ወይም “አልቀበልም” የሚልበት ምልክት አለው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥርዓት እያለ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ በተግባር ብዙ ቦታ ሁለተኛዋ እሺ መቅረቷ ነው። እንዲያውም አንዳንዱ ተቀባይ ላኪው ቆሞ እንዳይጠብቅ፣ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ፣ ገና ፖስታውን ሳይከፍት “ተቀብያለሁ” ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ይስተካከላል። ላኪው እሺ ተባልኩ ብሎ ዝርዝሩ ላይ “ተልኳል” ይጽፍና ይረሳዋል። ተቀባዩ ፖስታውን ሲከፍት ያልገባው ነገር ያገኛል፤ ወደ ጎን አድርጎ በራሱ የስህተት ዝርዝር ላይ ይመዘግበዋል። ያንን ዝርዝር የሚከፍት ሰው ከሌለ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

“ጋሼ፣ የእኔ ሥራ” አለኝ ተማሪዬ፣ “እሺ ተብሎ ያልተደረገውን መፈለግ ነው።”

ይህን ሲለኝ ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ እሺ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ቤታችን ገብቶ ነበር።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምንላት፣ ጉልበቷን ያማታል። የደም ግፊትም አለባት። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ትውጣለች፤ በቀን ሁለት። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል ሐኪም አያትና የደም ምርመራ አዘዘላት። “ውጤቱ የሚያሳስብ ከሆነ እንደውልልዎታለን፤ ካልሆነ በቀጠሮዎ ቀን ይምጡ” ተባለች። “እሺ” ብላ ወጣች። አንድ ሳምንት ሆነ፤ ስልክ የለም። “እንዴት ነሽ?” ስንላት “ደህና ነኝ፤ ቢኖርብኝ ይደውሉ ነበር” ትለናለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። ይዘናት ሄድን።

ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ከፍቶ “ውጤቱ አልደረሰኝም” አለ። ላቦራቶሪ ወረድን። “በዕለቱ ልከናል፤ ይኸው ተልኳል ይላል” አሉን። ሁለቱም አልዋሹም። ልጁ አልደረሰኝም ያለው አልደረሰውምና ነው፤ ልጅቷም ልከናል ያለችው ልካ ነው። ወረቀቱን ከላቦራቶሪው አሳትመን ሽቅብ ስንወስደው፣ ኩላሊት ደሙን በወጉ እያጣራ መሆን አለመሆኑን የሚናገረው ክሬያቲኒን የሚባለው ቁጥር ከሚገባው እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዲክሎፌናክ የተጎዳ ኩላሊትን ይበልጥ ይጎዳል፤ የዚያን ደቂቃ አቁሚ ተባለች። በቀን ሁለት፣ በአሥራ ሁለት ቀን ሃያ አራት ኪኒን። እነዚያን ሃያ አራት ኪኒኖች የዋጠቻቸው አንዲት ከፖስታዋ ሳትወጣ በቀረች ቁጥር ምክንያት ነው። እትዬ ዛሬ አለች፤ ኩላሊቷ ከነበረበት መለስ ብሏል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሆነም።

መልእክቱን ያገኘችው የሆስፒታሉ የአይቲ ክፍል ሠራተኛ የሆነች አንዲት ወጣት ናት። አጠገቧ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አለቃዋ “በቃ እንደገና ይላክ!” ሲል እሷ “ቆይ፣ የት እንደቆመ ሳላውቅ አልልክም” አለች። ከዚያ በየጣቢያው አንድ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ከላቦራቶሪው ወጥቷል ወይ? ወጥቷል። መሀል አስተርጓሚው ዘንድ ደርሷል? ደርሷል። ተተርጉሞ ወጥቷል? ወጥቷል። የሐኪሞቹ ፕሮግራም ተቀብያለሁ ብሏል? ብሏል፤ ሰዓቱም ይኸውላችሁ። ታዲያ ከተቀበለ በኋላ ምን አደረገው? ማንም ከፍቶት የማያውቀውን የስህተት ዝርዝር ከፈተች። ተሰልፈው ከተቀመጡት መካከል እትዬ አለች።

ምክንያቱን ስትነግረን ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እትዬ የተወለደችው ጳጉሜ 3 ቀን ነው። ካርድ ክፍል የልደት ቀኗን እንደነገረቻቸው በእኛ አቆጣጠር ጻፉት። የላቦራቶሪው ፕሮግራም የልደት ቀንን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ስለሚያየው ዝም ብሎ አሳለፈው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ከተገናኙ ገና ጥቂት ወራቸው ነበርና የሐኪሞቹ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ቀን ከፈረንጅ ካላንደር ጋር ያመሳክራል። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ብለን ቱሪስት የምንጠራበት ነገር እዚያ ስህተት ተባለ! ሌሎችም የጳጉሜ ልጆች አብረዋት ተቀምጠው ነበር።

ወጣቷ ግን የተናገረችው ሌላ ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። “የጳጉሜዎቹስ ደጎች ናቸው፤ እምቢ ተብለው ታዩ” አለች። “እኔ የምፈራው የመስከረሞቹን ነው።” አብራራችልን። መስከረም 5 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1957 የተወለደ ነው። ካርድ ክፍል “5፣ 1፣ 1950” ብሎ ቢጽፈው ግን ፕሮግራሙ ጃንዋሪ 5 ቀን 1950 ብሎ ያነበዋል። ወሩ ልክ፣ ቀኑ ልክ፣ ዓመቱ ልክ። ማንም አይጮህም፤ ምንም መብራት አይበራም። ሰውየው በአንድ ምት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አርጅቶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ሕፃን ቢሆንስ? ለሕፃን መድኃኒት ሲመዘን ዕድሜ ይጠየቃል። በድርሰት እርማት ዘመኔ የማውቀው ነገር ነው፦ ሰዋስው የሳተ ዓረፍተ ነገር ቀይ እስክሪብቶ ይጠራል፤ ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ሐሳቡ የተሳሳተው ግን መምህሩ ሲደክመው አብሮ ያልፋል።

ሜሪላንድ ላይ ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። “እኛም ዘንድ አለ፤ በተለይ በእኛ ሰው ላይ” አለኝ። የአሜሪካ ፕሮግራም ለሰው ሁለት ስም ይፈልጋል፤ የራስና የቤተሰብ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለው። አንዱ ሆስፒታል የአባቱን ስም መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ሌላው የአያቱን። “ፀሐይ” የምትባል ሴት በላቲን ፊደል በ“ጼ” ትጻፍ ይሆናል፣ በ“ሴ” ትጻፍ ይሆናል፤ መጨረሻዋም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ወረቀት ሲሞላ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ይሰጠዋል፤ በዚህ የተነሳ በአንድ ቀን የተወለደ ብዙ ሕዝብ አለን። ስለዚህ አንዲት ሴት ሁለት ሰው ትሆናለች፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የተጻፈው በአንደኛዋ ካርድ ላይ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል የገባችው በሁለተኛዋ። ስሟን በራሷ ፊደል እንጻፍላት ቢባል፣ ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ቢኖርም፣ መንገድ ላይ አንድ የድሮ ፕሮግራም ካለ ስሟ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል።

“ታዲያ ሁለቱን ካርድ አንድ ማድረግ ነዋ!” አልኩት። ለዚያም መልእክት አለ፤ “እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው” የሚል። ተማሪዬ በሥራው ውስጥ የሚፈራው እሱን እንደሆነ ነገረኝ። አንድን ሰው ሁለት አድርጎ መተው ጉዳት አለው፤ ሁለት ሰውን አንድ ማድረግ ግን የአንዱን የደም ዓይነት ለሌላው መስጠት ነው። ከተዋሃዱ በኋላ መለየቱ እንደ ተደበላለቀ ጤፍና ስንዴ ነው። ስለዚህ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አይነካም፤ አድራሻ ያያል፣ ስልክ ያያል፣ ሲጨንቀው ካርድ ክፍል ደውሎ ሰዋችሁን ጠይቁልኝ ይላል። በእኛም አገር የፋይዳ ቁጥር ይህን ጭንቀት ሊያቃልል ይችላል፤ ቁጥሩን ከሰውየው ጋር አገናኝቶ በትክክል የሚጽፍ እጅ እስካለ ድረስ።

በእነዚያ ሦስት ሌሊቶች ሌላም ተማርኩ። አንዱ ወረፋ ነው። መልእክቶች በመጡበት ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፤ መሄድም አለባቸው፤ “ተኛ” የሚለው ከ“ወጣ” በኋላ ቢደርስ በሽተኛው ቤቱ ሄዶ አልጋው ላይ ይቀራል። ታዲያ ከወረፋው ራስ ላይ ያለው አንድ መልእክት የማይላክ ከሆነና አስተርጓሚው ደጋግሞ ሲሞክር ከዋለ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። የቀበሌን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራሪያ አይፈልግም። ጥበቡ ፊተኛውን አውጥቶ ለብቻው ማየት፣ ሌላውን ማሳለፍ ነው፤ ያወጡትን ደግሞ አለመርሳት።

ሁለተኛው መልሶ መላክ ነው። ለእኔ ቀላል መፍትሔ ይመስለኝ ነበር፤ አልደረሰም? ድገመው። ተማሪዬ ግን የማክሰኞ መልእክት ሐሙስ ቢላክ ረቡዕ የተስተካከለውን እንደሚሽር አሳየኝ። ማክሰኞ “የሚወስደው መድኃኒት ይህ ነው” ተብሎ ነበር፤ ረቡዕ ተቀየረ፤ ሐሙስ የማክሰኞው ዘግይቶ ሲደርስ አዲስ መስሎ ይቀመጣል። ማክሰኞ እውነት የነበረ ቃል ሐሙስ ውሸት ሆነ። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ያቺ የአዲስ አበባዋ ወጣት “ቆይ” ያለችው ለካ በደንብ ገብቷት ነው።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። ተማሪዬ ስልኩ ላይ ካሉት ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ አብልጦ የሚያከብረው “ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ምንም አልመጣም” የሚለውን ነው። ላቦራቶሪ ጠዋት የማለዳው ደም ተቀድቶ ሲያልቅ መንጫጫት አለበት። ያን ጊዜ ዝም ካለ፣ አንድም ስህተት ባይመዘገብ እንኳ፣ አንድ ነገር ተቆርጧል ማለት ነው። ሌሊት ዝም ቢል ግን ተኝቷል። ስለዚህ ለየክፍሉና ለየሰዓቱ ምን ያህል ዝምታ ጤነኛ እንደሆነ ማወቅ አለበት። እናት የልጇን ዝምታ እንደምታውቀው ነው፤ ጓዳ ውስጥ ፀጥ ሲል ብድግ ትላለች። እትዬ “ቢኖርብኝ ይደውሉ ነበር” ያለችበትን ዝምታ ይህ ልጅ ቢሰማው ኖሮ ስልኩ በአንደኛው ቀን ይጮህ ነበር።

ቀሪው ሥራው የቤት እመቤት ሥራ ነው፤ ሲሠራ አይታይም፣ ሲቀር ይታያል። አስተርጓሚው ያለፈበትን መልእክት ሁሉ ያስቀምጣል፤ አሮጌው በየጊዜው ካልተጠረገ ዲስኩ ይሞላል፤ የሞላ ዕለት ሁሉም ይቆማል። የምስጢር ቁልፍ የሚሆኑት የምስክር ወረቀቶች ቀናቸው ያልፋል፤ ያለፈ ዕለት የትናንት ወዳጆች አንዱ አንዱን አላውቅህም ይላል። አስተርጓሚው ራሱም ይታመማል። ሚርዝ ኮኔክት የሚባል፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ሲሰራጭ ኖሮ ብዙ ሆስፒታል የተደገፈበት ፕሮግራም አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ማንም ከውጭ ሆኖ ያለ ይለፍ ቃል ሊቆጣጠረው የሚችልበት ቀዳዳ ተገኝቶበት ማሻሻያ ወጣለት፤ ማሻሻያውን ያላስገባ ቤቱን ክፍት ትቶ ያደረ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲሶቹ እትሞች በክፍያ ብቻ ሆኑ። በነፃ ያገኘነው ነገር ጠባቂ የማይፈልግ ይመስለን የነበርን ሁሉ እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል።

ይህ ሁሉ የጥቃቅን ነገር ወግ ለሚመስለው ሰው በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2024፣ አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ላስታውሰው። ቼንጅ ሄልዝኬር የሚባል ኩባንያ አለ፤ ሥራው በሐኪም ቤቶች፣ በመድኃኒት ቤቶችና በኢንሹራንሶች መካከል መልእክት ማመላለስ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ስሙን የሰማ ተራ አሜሪካዊ ጥቂት ነው። ዘራፊዎች ሰብረው ገቡና ኩባንያው ኮምፒውተሮቹን ዘጋ። መድኃኒት ቤቱ መድኃኒት አለው፤ በሽተኛው ኢንሹራንስ አለው፤ የሐኪሙ ትእዛዝ አለ፤ “ይከፈላል ወይ?” ብሎ ጠይቆ “እሺ” ብሎ የሚመልሰው ግን የለም። በየከተማው ሰው መድኃኒቱን ለማግኘት ከኪሱ ለመክፈል ተገደደ፤ ትንንሽ ሐኪም ቤቶች ለሳምንታት ገቢ አጡ። የባለቤቱ ድርጅት ኃላፊ ለአገሪቱ ምክር ቤት ቀርበው እንደመሰከሩት ሌቦቹ የገቡበት በር ከይለፍ ቃል ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያልተደረገበት ነበር፤ 22 ሚሊዮን ዶላርም ተከፍሏቸዋል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል። ጠጠሯን ማን አያት? ጋኑ ሲያዘነብል ነው የታየችው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ነገር አንድ ስም አለን፦ “ሲስተም የለም።” ባንክ ሄዳችሁ ሲስተም የለም። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ሲስተም የለም። እንደ ዝናብና እንደ መብራት መጥፋት ከሰማይ የሚወርድ ነገር አድርገነዋል፤ ተናጋሪውም አያፍርም፣ ሰሚውም አይጠይቅም። ሲስተም ግን ከሰማይ አይወርድም። የቆመበት ቦታ አለው፤ የቆመበት ሰዓት ተጽፏል፤ ምክንያቱ ከአራት አምስት ጥያቄ በኋላ ይገኛል። የሚጎድለው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል የሚጠይቅና መልሱን ሳያገኝ “እንደገና ይላክ” የማይል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ስንቀጥረው “ኮምፒውተር ጠጋኝ” እንለዋለን፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እንጠራዋለን፤ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ካልተበላሸ “ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?” እንላለን። ምንም ያልተበላሸው እኮ ስለሠራ ነው!

ያቺ ወጣት ከእትዬ ነገር በኋላ አንድ ልማድ ጀምራ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ትገባና የስህተት ዝርዝሩን ትከፍታለች፤ የሚስተካከለውን አስተካክላ ትልካለች፤ የማይስተካከለውን የካርድ ቁጥር በወረቀት ጽፋ ራሷ ወደየሐኪሞቹ ክፍል ትሄዳለች። “ይህ ውጤት ወጥቷል፤ አይተውታል?” ትላለች። “እሺ፣ አያለሁ” የሚላትን ሐኪም ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እስኪከፍተው። አንዳንዱ ይናደድባት ነበር አሉ። ጉዳዩን ያልተረዳ ሰው ድርቅና ይለዋል፤ ለእኔ ግን ሁለተኛዋን እሺ በእግሯ ሄዳ የምታመጣ ሰው ናት። ያየችውንም ሁሉ፣ ቀኑን፣ ምልክቱን፣ ምክንያቱን፣ ያደረገችውን፣ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር።

በቅርቡ እትዬን ለክትትል ይዤ ሄጄ ጠየቅኳት። የለችም። አንድ ባንክ በሁለት እጥፍ ደመወዝ ወስዷታል። አልፈረድኩባትም፤ ማንም አይፈርድባትም። የተተካው ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠን። “ደብተሯ አለ?” አልኩት። መሳቢያውን ሳበና አወጣው፤ ከሽፋኑ ላይ አቧራውን በእጁ ጠረገ።

“አንብበኸዋል?” አልኩት።

“እሺ፣ አነበዋለሁ” አለኝ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። እትዬ ቀጠሮዋ ገና ነበር፤ ጊዜ ነበረን።